ዋይፋዩ ሙሉ ነው፣ ኢንተርኔቱ ግን የለም፦ የሲም ራውተር ቤት ውስጥ የት ነው የሚቀመጠው?

ተስፈኛው፦

እንዴት ናችሁ ቤተሰብ። ጥያቄዬ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ቤታችን ወደ ለገጣፎ መውጫ ነው። ፋይበር እኛ መንደር አልደረሰም፣ መቼ እንደሚደርስም ቁርጡን የሚነግረን አላገኘንም። ስለዚህ ሲም ካርድ የሚገባበት የፎርጂ ራውተር ገዛን። ሻጩ «ሲሟን ክተቱ፣ ሶኬት ላይ ሰኩት፣ አለቀ» አለን። እውነትም ሰካነው፣ ሠራ። የመጀመሪያውን ማታ ቤቱ ሁሉ ፊልም ሲያይ አመሸ።

አሁን ግን ግራ ገብቶኛል። ሳሎን ቁጭ ብዬ ስልኬ ላይ የዋይፋዩ ምልክት ሙሉ ነው፣ ቪዲዮ ስከፍት ግን ሲሽከረከር ይውላል። እዛው ሶፋ ላይ ሆኜ ዋይፋዩን ዘግቼ የስልኬን ዳታ ስከፍት ይሻላል! የኔ መኝታ ቤት ከሳሎን የሚለየው በሁለት ግድግዳ ነው፣ እዚያ ደግሞ ዋይፋዩ ራሱ ይመጣል ይሄዳል። ጓሮ ሰርቪስ ቤት ያለችው እህቴ ከነጭራሹ አታገኝም። ከቤት የምትሠራው ደግሞ እሷ ናት፣ ስብሰባ ሲኖራት ላፕቶፗን ታቅፋ ሳሎን ትመጣለች፣ ሳሎን ደግሞ እንግዳ አይጠፋም።

ሌላም አለ። ጠዋት እንጀራ ሲጋገር ራውተሩ ድርግም ብሎ ይጠፋና እንደገና ይነሳል። መብራት አልሄደም፣ አምፖሉ ትንሽ ደብዘዝ ይላል እንጂ። እናቴ ምጣዱን በተመለከተ ድርድር እንደሌለ አስታውቃለች።

ራውተሩ ያለው ቡፌው ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ነው። ሳሎኑን እንዳያበላሽ ተብሎ ዳንቴል ለብሷል።

አንዱ ጓደኛዬ ማጉያ ግዛ ይለኛል፣ ሌላው ጣሪያ ላይ አንቴና ስቀል ይላል፣ ሦስተኛው «ፓኬጁን ከፍ አድርገው፣ አትቆጥቆጥ» አለኝ። የቱን ልስማ? ደግሞ 10 ሜጋ ብዬ የከፈልኩበት ሆኖ ሌሊት፣ ደህና በሚሆንበት ሰዓት እንኳ፣ ፋይል ሳወርድ ከ1.2 አያልፍም። ይሄስ ምን ጉድ ነው?


ኬብል በትከሻ፦

ወንድሜ፣ ምንም ነገር ሳትገዛ መጀመሪያ ይህን ስማኝ። ቤትህ ውስጥ ያለው አንድ ኔትወርክ አይደለም፣ ሁለት ነው። አንዱ ከታወሩ እስከ ራውተርህ የሚመጣው የፎርጂ ሲግናል ነው። ሌላው ከራውተርህ እስከ ስልክህ የሚሄደው ዋይፋይ ነው። ስልክህ ላይ የምታያት ምልክት የምትነግርህ ሁለተኛውን ብቻ ነው። ከታወሩ ምን እንደሚመጣ አታውቅም፣ አይመለከታትም። ሲሟን ነቅለህ ብታወጣት እንኳ ምልክቷ ሙሉ ሆና ትታይሃለች፣ ሞክረው።

አንተ ጋ ደግሞ ሁለቱም ታመዋል፣ ግን በሽታቸው የተለያየ ነው። ሳሎን ውስጥ ዋይፋዩ ደህና ሆኖ የታወሩ ሲግናል ደካማ ነው። መኝታ ቤትህና ሰርቪሱ ጋ ዋይፋዩ ራሱ አይደርስም። እነዚህን ለያይተህ ካላየሃቸው ገንዘብህ ነው የሚያልቀው። ጓደኛህ ግዛ ያለህ ማጉያ ዋይፋዩን ነው የሚያራዝመው። ራውተሩ ከታወሩ የሚያገኘው ደካማ ከሆነ፣ ያንኑ ደካማ ነገር ጓሮ ድረስ ተሸክሞ ያደርስልሃል ማለት ነው። ይባስ ብሎ ርካሾቹ ማጉያዎች በአንዱ ሬዲዮ ይቀበሉና በዚያው ይልካሉ፣ ፍጥነቱ ግማሽ ገደማ ይወርዳል።

መጀመሪያ ታወሩን እናስተካክል። ከዋይፋዩ ጋር እንደተገናኘህ ብሮውዘር ክፈትና ራውተሩ ሆድ ስር ተለጣፊው ላይ ያለውን አድራሻ ጻፍ። እንደ ሞዴሉ 192.168.8.1 ወይም 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ይሆናል። መግቢያ ስሙና ፓስወርዱም እዚያው ተለጣፊው ላይ አለ። ገብተህ የሲግናል ወይም የዲቫይስ መረጃ የሚለውን ገጽ ፈልግ። አርኤስአርፒ የሚባል፣ የታወሩን ሲግናል ጥንካሬ የሚለካ፣ ከፊቱ የመቀነስ ምልክት ያለው ቁጥር ታያለህ። ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ይሻላል። ከ-80 እስከ -90 ሸጋ ነው። -100 አካባቢ ይሠራል። -110ን ካለፈ ነገሩ እየሞተ ነው። ከሱ አጠገብ ኤስአይኤንአር የሚባል ሌላ ቁጥር አለ፣ ሲግናሉ ከረብሻው ምን ያህል ጠርቶ እንደሚወጣ የሚለካ ነው። 20 እና ከዚያ በላይ በጣም ጥሩ፣ 10 እና ምናምን ደህና፣ ዜሮ አካባቢ ከሆነ ግን አርኤስአርፒው ቢያምርም ፍጥነት አትጠብቅ።

ከዚያ ዳንቴሉን አውልቅና ራውተሩን ከዚያ ቡፌ አውጣው፣ አደራ። ይግላል፣ አየር ይፈልጋል። ቡፌው ጀርባው መስታወት ከሆነ ደግሞ መስታወቱ የተቀባው ብረት ሲግናሉን ይመልሰዋል። ረጅም ዲቫይደር ላይ ሰክተህ በየመስኮቱ ዙር። አንድ ቦታ ሁለት ሦስት ደቂቃ ታገስ፣ ቁጥሩ ይረጋ፣ ጻፈው፣ ቀጥል። የላሜራ በር አጠገብ፣ ወፍራም የኮንክሪት ኮለን ጥግ፣ ቆርቆሮ ስር ኮርኒስ ውስጥ አታስቀምጠው። ክንድ ያህል ፈቀቅ ማለት ብቻ ቁጥሩን ሊለውጠው ይችላል፣ ስለዚህ ሰነፍ አትሁን። ታወሩ በየት በኩል እንዳለ ካወቅህ በዚያ በኩል ካለው መስኮት ጀምር፣ ካላወቅህም ቁጥሩ ይነግርሃል።

10 ሜጋው ጉድ አይደለም። ፓኬጁ የሚሸጠው በሜጋቢት ነው፣ ኮምፒውተርህ ሲያወርድ የሚያሳይህ በሜጋባይት። አንድ ባይት 8 ቢት ነው። 10ን ለ8 አካፍለው፣ 1.25 ይመጣልሃል። ሌሊት ሙሉውን እያገኘህ ነው። ቀን የማይገኘው ለምን እንደሆነ ነው መፈለግ ያለብን፣ ስለዚህ ፓኬጁን ከፍ አታድርግ፣ አሁን ያለውንም አልተጠቀምክበትም።

ስለ ምጣዱ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ራውተሩን የሰካኸው ቴሌቪዥኑ ያለበት ስታብላይዘር ላይ ነው?


ተስፈኛው፦

አዎ ስታብላይዘሩ ላይ ነው! በምን አወቅህ?

ቁጥሮቹን ይዤ መጥቻለሁ። ቡፌው ውስጥ አርኤስአርፒ -113፣ ኤስአይኤንአር 1። ቡፌው ላይ፣ ዳንቴሉ ወልቆ፣ -108 እና 4። የሳሎኑ መስኮት -104። ጓዳ -106። የእናቴ መኝታ ቤት መስኮት ላይ ግን -92 እና 16! እዚያው ቆሜ ፍጥነት ስለካ ሙሉ 10 ሜጋ ሰጠኝ፣ ያውም በጠራራ ፀሐይ።

ችግሩ እናቴ ናት። «እኔ የምተኛበት ክፍል ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ብልጭ ድርግም የሚል ነገር አይገባም» ብላለች። ጨረሩም ያሳስባታል። ምን ልበላት?


ሚሚ ከጀሞ፦

ኧረ እናትህን አታስጨንቃት። ከሷ ክፍል ቀጥሎ በዚያው በኩል መስኮት ያለው ሌላ ክፍል የለም? ኮሪደር፣ እቃ ቤት፣ መታጠቢያ ቤትም ቢሆን (እርጥበት እንዳያገኘው እንጂ)። ዋናው የቤቱ ጎን ነው። -92 ባታገኝ -96 ታገኛለህ፣ እሱም ካለህበት ጋር ሲተያይ ሰርግ ነው። መብራቱን ደግሞ ብዙ ራውተሮች ላይ ከሴቲንግ ማጥፋት ይቻላል፣ ኤልኢዲ የሚል ፈልግ። የኛ ቤት ሴቲንጉ አልነበረውም፣ ጥቁር ፕላስተር ለጠፍኩበት፣ ሰላም ሆነ።

ስለ ጨረሩ፣ ጆሮዋ ላይ ደግፋ አንድ ሰዓት የምታወራበት ስልክ ይበልጥ እንደሚቀርባት ንገራት። አልሰማም ካለችህ ተዋት።

እኛም ጀሞ ኮንዶሚኒየም በነበርንበት ጊዜ ሌላ ጣጣ ነበረብን፣ እሱን ልጨምር። ሲግናሉ ቆንጆ ሆኖ ማታ ማታ ብቻ የሚሞት ከሆነ ታወሩ ሞልቶ ነው። ሁሉም ሰው ከሥራ ገብቶ በአንድ ጊዜ ሲከፍት የሚሆን ነገር ነው፣ ራውተር በማዞር አይፈታም። ያኔ እኛ ትልልቅ ነገር ማውረዱን ሌሊት አደረግነው፣ የዊንዶውስ አፕዴቱንም ጭምር። ላፕቶፑ ላይ ዋይፋዩን ሚተርድ ኮኔክሽን አድርጊው ብለው ነግረውኝ ነው፣ ከዚያ በኋላ ሳያስፈቅድ እየተነሳ አፕዴት ማውረዱን ተወ። ኮንዶሚኒየም ላይ ሌላው ጣጣ የጎረቤት ዋይፋይ ብዛት ነው። ስልኬ ላይ ሳይ ከሃያ የማያንስ ስም ይደረደራል፣ ሁሉም አንዱ ቻናል ላይ ተጠቅጥቆ። 2.4 ጊጋኸርዝ በሚባለው የዋይፋይ ሞገድ ላይ የማይነካኩት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው፣ ከሦስቱ ሰው ያልበዛበትን ምረጥ። ሳሎን ውስጥ፣ ራውተሩ ፊት ለፊት የምትቀመጡ ከሆነ ደግሞ 5 ጊጋኸርዙን ተጠቀሙ፣ ፈጣን ነው፣ ጎረቤትም አይረብሸውም። ግድግዳ ላይ ግን ወኔ የለውም፣ ሁለት ብሎኬት ካለፈ ይደክማል።


ኬብል በትከሻ፦

ሚሚ ጥሩ ብለሻል።

ተስፈኛው፣ ስታብላይዘሩን ያወቅሁት ሰው ቤት ስሄድ ሁሌ የማየው ነገር ስለሆነ ነው። ምጣድ ከባድ ጭነት ነው። ሲለኮስ የቤቱ ቮልቴጅ ይወርዳል፣ አምፖልህ የሚደበዝዘው ለዚያ ነው። ስታብላይዘሩ ደግሞ ቴሌቪዥኑን ለመጠበቅ የተሠራ ስለሆነ ቮልቴጁ ከወሰነው በታች ሲወርድ ቀጭ ብሎ ይቆርጣል፣ ትንሽ ቆይቶ ይለቃል። ራውተሩ ግን ይህ ጥበቃ አያስፈልገውም። የራውተሩን ቻርጀር አንሳና ኢንፑት የሚለውን አንብብ፣ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይላል። ማለትም 220ው ወደ 180 ቢወርድ እንኳ ግድ የለውም። በቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ ሰካው፣ ምጣዱም ይሠራል፣ እናትህም ትስቃለች።

ከተመቸህ ሚኒ ዩፒኤስ የምትባለዋን ትንሽ ባትሪ ግዛ። ግን ስትገዛ ቻርጀሩ አውትፑት ላይ ያለውን ቁጥር አስተያይ። ብዙዎቹ 12 ቮልት 1 አምፔር ናቸው፣ 9 ቮልት የሆኑም አሉ፣ 12ቱን 9ኙ ላይ ከሰካህ ራውተሩን ቅበረው። 12 ቮልት 1 አምፔር ማለት ቢበዛ 12 ዋት ነው፣ 30 ዋት አወር ያላት ባትሪ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ትይዝሃለች፣ ራውተሩ ሙሉውን ስለማይበላ አንዳንዴ ከዚያም በላይ። መብራት ጠፍቶ ሲቆይ የታወሩ ባትሪም ሊያልቅ ይችላል፣ እሱን እኔም አንተም ምንም አናደርገውም።

አሁን ወደ ዋይፋዩ። ራውተሩ እቃ ቤት መስኮት ላይ ሄዷል እንበል። ያኔ ሳሎንና ሰርቪሱ ይርቁታል። እዚህ ላይ ነው ሰው ሁሉ ተመልሶ ቡፌው ላይ የሚያስቀምጠው። አታድርግ! ራውተሩ ታወሩ ያለበት ይቀመጥ፣ ዋይፋዩን አንተ በኬብል ጎትተህ ሰው ያለበት ውሰደው።

ቤት ውስጥ የተጣለ የድሮ የመስመር ስልክ ኢንተርኔት ራውተር አላችሁ? ብዙ ቤት መሳቢያ ውስጥ አንድ አይጠፋም። እሱን አውጣው። ጀርባው ላይ ያለውን ቀዳዳ በእስኪብርቶ ጫፍ አሥር ሰከንድ ያህል ተጭነህ ሪሴት አድርገው። ከላፕቶፕ ጋር በኬብል አገናኝና ግባበት። መጀመሪያ የራሱን አድራሻ ቀይር። ዋናው ራውተር 192.168.8.1 ከሆነ ይሄኛውን 192.168.8.2 አድርገው። ቀጥለህ ዲኤችሲፒ የሚለውን፣ ለየስልኩ አድራሻ የሚያድለውን፣ አጥፋ። ይህን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው። ሁለት ራውተር በአንድ ቤት አድራሻ ማደል ከጀመሩ ግማሹ ስልክ ይሠራል፣ ግማሹ አይሠራም፣ ነገ ደግሞ ይገለበጣል፣ ቤቱ በሙሉ አንተን ይረግማል። ከዚያ ከዋናው ራውተር ላን ቀዳዳ (የቤት ውስጥ ዕቃ በኬብል የሚገናኝበት) ወደ አሮጌው ላን ቀዳዳ ኬብል ዘርጋ። ወደ ዋን (ኢንተርኔቱ ከውጭ የሚገባበት) ወይም ወደ ስልክ መስመሩ ቀዳዳ አይደለም፣ ከላን ወደ ላን። የዋይፋዩን ስምና ፓስወርድ ከዋናው ጋር አንድ አድርገው፣ ቻናሉን ግን ለየው፣ ያ 1 ላይ ከሆነ ይሄ 11። ስልክህ ከክፍል ክፍል ስትሄድ ራሱ ይቀያይራል። አዲስ ከገዛህ ደግሞ አክሰስ ፖይንት የሚል ምርጫ አለው፣ እሱን ስትጫን ይህን ሁሉ ራሱ ይሠራልሃል።

ኬብሉ ላይ አትቆጥቆጥ። ካት 5ኢ ይበቃሃል፣ ካት 6 ከሆነም ጥሩ፣ ሁለቱም እስከ 100 ሜትር ያለ ችግር ይሄዳሉ። መርካቶ ስትገዛ ግን ጫፉን ላጥና አንዷን ክር በምላጭ ፈቅፍቃት። ውስጧ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፣ ተወው። እስከ ውስጥ ቀይ ከሆነች ንጹህ መዳብ ናት። አሉሚኒየሙ ስታጥፈው ይሰበራል፣ ረጅም መንገድም ላይ ይደክማል፣ ሻጩ ደግሞ «ያው ነው» ይልሃል፣ ያው አይደለም። ጫፉን ራስህ የምትሠራ ከሆነ በሁለቱም በኩል ተራው አንድ ይሁን፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ።


ጡረተኛው፦

ልጆች፣ ጤና ይስጥልኝ። ስትጽፉ እየተከታተልኩ ነው፣ ብዙ ተምሬበታለሁ። እኔ ጡረታ ወጥቼ ቤት ነው የምውለው። ልጆቼ ውጭ ናቸው፣ ዋይፋዩ ያለው ከነሱ ጋር በቪዲዮ ለመነጋገር ነው። ሁለት ክፍል አከራይቻለሁ። ለአንደኛው ተከራይ ፓስወርዱን ሰጠሁት፣ ጨዋ ልጅ ነው። አሁን ግን ማታ ማታ የአጥሩ ስር ወጣቶች ስልክ ይዘው ይሰለፋሉ፣ ተከራዩን ስጠይቀው ለማንም አልሰጠሁም ይለኛል፣ አምነዋለሁም። ከልጆቼ ጋር ስነጋገር ምስሉ ይቆማል። እንዴት አድርጌ ነው የማስወጣቸው? መጣላት አልፈልግም፣ የጎረቤት ልጆች ናቸው።


ሚሚ ከጀሞ፦

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ተከራይዎ እውነቱን ሊሆን ይችላል። አንድ ስልክ ዋይፋይዎን አንዴ ካወቀ የዋይፋዩ ሴቲንግ ውስጥ ሼር የሚል አለ፣ እሱን ሲነኩት ካሬ ኮድ ያወጣል፣ ሌላው ሰው በካሜራ አንስቶት ይገባል። ፓስወርዱ በአፍ ሳይነገር ሰፈሩን ያዳርሳል። የተከራዩ ጓደኛ አንድ ቀን ቤት መጥቶ ቡና ሲጠጣ በዚያው ወስዶት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የሚያደርጉት እንዲህ ነው። ራውተርዎ ውስጥ ይግቡና የዋይፋዩን ፓስወርድ ይቀይሩ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ይወጣሉ፣ ከማንም ጋር መጣላት የለም፣ «ራውተሩ ተበላሽቶ ነው» ማለት ይችላሉ። የስልክ ቁጥርዎን ፓስወርድ አያድርጉት፣ መጀመሪያ የሚሞክሩት እሱን ነው። ከዚያ ጌስት ኔትወርክ የሚል ቦታ አለ፣ እሱን ይክፈቱና ለተከራዮቹ ሌላ ስምና ሌላ ፓስወርድ ይስጧቸው። የራስዎ ለብቻው ይቀመጥ። የጌስቱን ፍጥነት መገደብ የሚያስችል ራውተር ከሆነ ደግሞ ወስኑላቸው፣ የልጆችዎ ምስል አይቆምም። በየወሩ መጀመሪያ፣ ኪራይ ሲቀበሉ፣ የጌስቱን ፓስወርድ ቢቀይሩት ደግሞ አጥር ስር የሚሰለፈው ይቀንሳል።


ኬብል በትከሻ፦

ጋሼ፣ ሚሚ ያለችው ላይ ሦስት ነገር ልጨምርልዎ። አንደኛ፣ ራውተሩ ሁለት ፓስወርድ አለው። አንዱ የዋይፋዩ ነው፣ ሌላው ራውተሩ ውስጥ የሚገቡበት። ሁለተኛውም ተለጣፊው ላይ እንደተጻፈ ከቀረ፣ ዋይፋዩ ላይ ያለ ማንኛውም ልጅ ገብቶ እርስዎን ሊያስወጣዎት ይችላል፣ ስለዚህ እሱንም ይቀይሩት፣ ማስታወሻ ደብተር ላይ ይጻፉት። ሁለተኛ፣ ደብሊውፒኤስ የሚባለውን ያጥፉት። ሰው ፓስወርድ ሳይጽፍ በአንድ ቁልፍ ወይም በስምንት አሃዝ ፒን እንዲገባ የተሠራ ነው፣ ፒኑ በቀላሉ እየተሞከረ እንደሚገኝ ከ2011 ጀምሮ የታወቀ ነው። ሦስተኛ፣ ሴኪዩሪቲ በሚለው ላይ ደብሊውፒኤ 2 ወይም ካለው ደብሊውፒኤ 3 ይምረጡ።

አንዳንድ ሰው «የሚገቡትን ስልኮች ማክ አድራሻ እየመዘገብህ ሌላውን ዝጋ» ይልዎታል፣ ማክ አድራሻ የየስልኩ መለያ ቁጥር ነው። እኔ አልመክርዎትም። የዛሬ ስልኮች አዲስ ዋይፋይ ሲያገኙ የውሸት ማክ አድራሻ ይፈጥራሉ። የልጅ ልጅዎ ከውጭ መጥታ ስልኳ እምቢ ሲላት ቀኑን ሙሉ ሲፈልጉ ይውላሉ።


ጡረተኛው፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። «ተበላሽቶ ነው» የሚለውን ወድጄዋለሁ። ለዋይፋዩ ስም በአማርኛ መጻፍ ይቻላል?


ሚሚ ከጀሞ፦

ይቻላል ጋሼ፣ ግን አጭር ይሁን። ስሙ የሚይዘው 32 ባይት ነው፣ የኛ አንድ ፊደል ደግሞ ሦስት ባይት ይበላል። ስለዚህ ከአሥር ፊደል በላይ አይገባም። አሮጌ ቴሌቪዥንና አሮጌ ፕሪንተር ደግሞ ፊደላችንን ማንበብ አቅቷቸው ሌላ ነገር ሊያሳዩ ይችላሉ።


የቨርጂኒያው፦

ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ ጣልቃ ስለገባሁ ይቅርታ። እኔ እዚህ አሌክሳንድሪያ ነው ያለሁት። ለወላጆቼ ከዚህ በጣም ጥሩ የሚባል፣ ሲም የሚወስድ ራውተር በሰው ልኬላቸው ነበር። አዲስ አበባ ላይ ሲሙን ሲከቱበት ኖ ሰርቪስ ይላል። ሲሙ ስልክ ላይ ይሠራል። ሁለተኛም ልኬላቸዋለሁ፣ እሱ ሲም የሚገባበት እንኳን የለውም፣ ተራ የዋይፋይ ራውተር ነው። ሁለቱም ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጠዋል። የሚጠቅሙበት መንገድ አለ?


ኬብል በትከሻ፦

የመጀመሪያው ላይ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ከስልክ ኩባንያ ጋር በኮንትራት የተገዛ ከሆነ ተቆልፎ ይሆናል፣ የገዛህበት ቦታ ደውለህ ማስከፈት አለብህ፣ እሱም እዛ ሆነህ ነው የሚሻልህ። ካልተቆለፈ ደግሞ ችግሩ «ባንድ» የሚባለው፣ ታወሩና ራውተሩ የሚነጋገሩበት የሞገድ ክልል ነው። አሜሪካ ፎርጂው በብዛት የሚሠራው ባንድ 2፣ 4፣ 12፣ 13 እና 66 ላይ ነው። ከአሜሪካ ውጭ፣ አፍሪካና አውሮፓ ላይ የሚበዙት 3፣ 7 እና 20 ናቸው። ለአሜሪካ ብቻ የተሠራ ራውተር እነዚህን ላያውቃቸው ይችላል፣ ያኔ ታወሩ ስር ብታስቀምጠውም አያየውም። ሞዴል ቁጥሩን ፈልግና የሚደግፋቸውን ባንዶች አንብብ፣ 3 ከሌለበት ተስፋ ቁረጥ። ወደፊት የምትልክ ከሆነም ከመግዛትህ በፊት እሱን እይ። ከዱባይና ከሪያድ የሚመጡት በባንድ በኩል የተሻሉ ናቸው፣ መቆለፋቸው ነው የሚያስቸግረው።

ሁለተኛው ግን ወርቅ ነው! ቁም ሳጥን ላይ ምን ያደርጋል? ቻርጀሩ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ የሶኬት መቀየሪያ ብቻ አድርገህ እዚህ 220 ላይ ይሠራል። 110 ወይም 120 ብቻ የሚል ከሆነ እንዳይሰኩት፣ ይቃጠላል፣ እዚሁ ቮልቱና አምፔሩ የሚገጥም ሌላ ይገዛለታል። ከዚያ እዚሁ ሀገር ሲም የሚወስድ ርካሽ ራውተር ይገዛና መስኮት ላይ ይቀመጣል፣ ያንተ ደግሞ አክሰስ ፖይንት ሆኖ በኬብል ሳሎን ይገባል። ለተስፈኛው የነገርኩት ያው ነገር ነው። ዋይፋዩን ያንተ ይሸከማል፣ የርካሹ ሥራ ከታወሩ መቀበል ብቻ ይሆናል።


የቨርጂኒያው፦

አሁን ቻርጀሩን ፎቶ አስነስቼ አየሁት፣ 100-240 ይላል። የእህቴን ልጅ እልካለሁ። ተባረክ ወንድሜ።


ተስፈኛው፦

ቤተሰብ፣ ሪፖርት ይዤ መጣሁ። ራውተሩ እቃ ቤት መስኮት ላይ ከጤፍ ጆንያው በላይ መደርደሪያ ተሠርቶለት ተቀምጧል፣ -95 እና 14 ነው። ግድግዳው ሶኬት ላይ ነው የሰካሁት፣ ትናንት ሙሉ ቀን ተጋግሮ አንዴም አልጠፋም። ሳሎን ላይ የድሮውን ራውተር አድርጌ ኬብሉን በኮርኒስ ጥግ ወሰድኩት። ዲኤችሲፒውን አጥፍቻለሁ። የኔ ክፍል ከሁለቱም ይይዛል።

እናቴ ቡፌው ላይ ራውተሩ በነበረበት ቦታ ሌላ ነገር አስቀምጣለች። ሳሎኑ ላይ ያለውን አሮጌውንም ዳንቴል ልታለብሰው ስትል ይዣታለሁ፣ ለጊዜው ተስማምተናል።

የቀረው ሰርቪሱ ነው። ከእቃ ቤቱ እስከ ሰርቪሱ በግቢው 20 ሜትር ቢሆን ነው። ኬብሉን በልብስ ማስጫው ሽቦ ላይ አስሬ ልውሰደው አስቤያለሁ፣ ይሆናል?


ኬብል በትከሻ፦

በማስጫው ሽቦ አይሆንም። ልብስ በተሰጣ ቁጥር ይጎተታል፣ ፀሐዩም ልባሱን ያደርቀውና ይሰነጠቃል፣ ክረምት ሲገባ ውሃ ይገባበታል። የውሃ ፕላስቲክ ቱቦ ግዛና በውስጡ አሳልፈህ በአጥሩ ግንብ ግርጌ አስጠጋው፣ ወይም አንድ ስንዝር ያህል ቆፍረህ ቅበረው። ከመብራት ሽቦ ጋር በአንድ ቱቦ እንዳታስገባው። ወደ ቤት የሚገባበት ቦታ ላይ ኬብሉ ወደ ታች ትንሽ ተንጠልጥሎ ከዚያ ወደ ላይ ይግባ፣ ዝናቡ ተከትሎት እንዳይገባ።

ሐምሌና ነሐሴ ነጎድጓድ ሲጀምር ከሁለቱም ጫፍ ንቀለው። ውጭ የሚሄድ መዳብ ነው፣ መብረቅ አጠገብ ሲወድቅ ሁለቱንም ራውተርና የእህትህን ላፕቶፕ ሊወስድብህ ይችላል። ሰርቪሱ ጋ ለምታደርገው አክሰስ ፖይንት 192.168.8.3 ስጠው፣ ቻናሉን 6።